ብራዚልን በጥንድ ማንበብ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዲሴምበር 1960 ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ አዲስ አበባ ውስጥ የእነ መንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝታቸውን አቋርጠው ተመለሱ፤ ብራዚልም በእኛ የታሪክ ትረካ ውስጥ ጃንሆይ ያኔ የነበሩባት አገር ሆና ቀረች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የቀረውን ያወቅነው ከኳስ ሜዳ፣ ከቡና ገበያና በቴሌቪዥን ከሚታየው የካርኒቫል ጭፈራ ነው። ዳሩ ግን በዚያው በ1960፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመድረሳቸው ከጥቂት ወራት በፊት፣ በሳኦ ፓውሎ ከተማ አንድ መጽሐፍ ታትሞ አገሩን ሲያነጋግር ነበር። ደራሲዋ ከጎዳና ወረቀት እየለቀመች ሦስት ልጆቿን የምታሳድግ ጥቁር ሴት ነበረች። ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

የብራዚልን ሙዚቃ የሚወዱ ወዳጆች «ስለዚህ ሙዚቃና ስለ አገሩ ባህል ምን እናንብብ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ አታንብቡ፤ ሁለት ሁለት አንብቡ። ይህን የምለው መጻሕፍት ለማብዛት አይደለም። በብራዚል ሙዚቃ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ መንግሥታት አገሩን ለዓለም ያስተዋወቁበት፣ ወታደሮች የፈሩት፣ ምሁራን የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። ስለዚህም እያንዳንዱ የተወደደ የሙዚቃ መጽሐፍ አንድ የፖለቲካ ታሪክ ይተርካል፤ እያንዳንዱም ከበር ውጭ ያስቀረው ሰው አለው። ሁለተኛው መጽሐፍ የሚያስፈልገው ያን ከውጭ የቀረ ሰው ለማግኘት ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር እንመልከት። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ዘመን ከአፍሪካ በመርከብ ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል 4.8 ሚሊዮን የሚሆኑት የወረዱት በብራዚል የባሕር ጠረፍ ነው። በቀጥታ ከአፍሪካ ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ ወደምትባለው አገር የተወሰዱት 400 ሺህ እንኳ አይሞሉም። ብራዚል ባርነትን በአዋጅ የሻረችው ሜይ 13 ቀን 1888 ሲሆን ከአሜሪካ አህጉር አገሮች ሁሉ የመጨረሻዋ ነበረች። ነጻ ለወጡት መሬትም ካሣም አልተሰጠም። እንዲያውም በሁለተኛው ዓመት የወጣው የ1890 የወንጀል ሕግ ባሮች ያዳበሩትን ካፖኤራ የተባለ የትግልና የጭፈራ ጥበብ ወንጀል አደረገው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ግን የእነዚሁ ሰዎች ልጆች ሙዚቃ የመላው አገር መለያ ተብሎ ታወጀ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የመጀመሪያው ጥንድ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አንትሮፖሎጂስቱ ኤርማኖ ቪያና በ1995 ያሳተመው «የሳምባ ምሥጢር» የሚጀምረው በ1926 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ከሆነ አንድ ምሽት ነው። በዚያ ምሽት ጸሐፊው ዢልቤርቶ ፍሬይሬ፣ የታሪክ ምሁሩ ሴርዢዮ ቡዋርኪ ዴ ኦላንዳና የሙዚቃ ደራሲው ኤይቶር ቪላ ሎቦስ እንደ ፒሺንጊንያና ዶንጋ ካሉ ጥቁር ሙዚቀኞች ጋር አብረው አመሹ። ቪያና ከዚህች ምሽት ተነሥቶ ሲተነትን፣ ሳምባ ትናንት ተረግጦ ዛሬ በድንገት የተሾመ ሙዚቃ አይደለም ይለናል። በባለጸጎችና በድሆች፣ በነጮችና በጥቁሮች መካከል ለረጅም ዘመን መገናኘትና መዋዋስ ነበረ፤ ብሔራዊ የተባለው ሳምባ የእነዚህ ሁሉ እጅ ያለበት ፈጠራ ነው። በ1930 ሥልጣን የያዘውና በ1937 አምባገነናዊውን «አዲስ መንግሥት» ያወጀው ዤቱሊዮ ቫርጋስም ፈጠራውን ተረከበው። በ1939 የተቋቋመው የፕሮፓጋንዳ መሥሪያ ቤቱ ዘፈኖችን ይመረምር ነበር፤ ሥራ ጠል ብልጣብልጥን የሚያወድሰውን ሳምባ ይነቅፋል፣ ታታሪውን ወዛደር የሚያወድሰውን ያበረታታል። በ1940 መንግሥት የወረሰው ብሔራዊ ሬዲዮ ደግሞ ዜማውን በየቤቱ አዳረሰው።

ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይጎድለዋል። ገንዘቡን ማን ወሰደ? ለዚህ መልስ የሚሻ ሰው የማርክ ኸርትዝማንን «ሜኪንግ ሳምባ» (2013) አጠገቡ ያስቀምጥ። ኸርትዝማን የፖሊስና የፍርድ ቤት መዛግብትን፣ የደራስያን ማኅበራትንም ሰነድ ፈተሸ። «ሳምባ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ጊታር የያዘ ሁሉ ይታሰር ነበር» የሚለውን የተወደደ ትረካ መዛግብቱ እንደሚነገረው አያጸኑትም። ጥቁሮች በሥራ ፈትነት ሕግ ይታሰሩ እንደነበር አይካድም፤ ሙዚቀኞችን ዕድሜ ልካቸውን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የደራሲነት ስምና ክፍያ። ነገሩ ከመነሻው ጀምሮ ይታያል። ዶንጋ በ1916 «ፔሎ ቴሌፎኔ» የተባለውን ሳምባ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ሲያስመዘግብ፣ ዜማው የተወለደው ቲያ ሲያታ በምትባል ከባሂያ በመጣች ሴት ቤት፣ በብዙ ሰዎች አንደበት ነው የሚሉ ወዲያው ተነሡበት። የፖሊስ ዱላ ታሪክ ለመተረክ ይመቻል፤ የደረሰኝና የመዝገብ ታሪክ አሰልቺ ይመስላል። ድህነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በአሰልቺው መንገድ ነው።

በዚያች የ1926 ምሽት ያየነው ፍሬይሬ በ1933 «ታላቁ ቤትና የባሮች ማደሪያ» የተባለውን ዝነኛ መጽሐፉን አወጣ። ብራዚል ከአፍሪካውያን፣ ከነባር ሕዝቦችና ከፖርቱጋሎች ቅልቅል የተወለደች መሆኗን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ጸጋ ቆጠረው፤ ዘረኝነት እንደ ሳይንስ ይሰበክ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ውሎ አድሮ «እኛ ዘረኝነት የለብንም» የሚል የመንግሥት መፈክር ሆነ። ለዚህ መልስ የሰጠው በ1944 የጥቁሮች የሙከራ ቲያትርን የመሠረተው አብዲያስ ዶ ናሲሜንቶ ነው። በ1977 ሌጎስ ላይ በተደረገው የጥቁሮች የጥበብ ፌስቲቫል የብራዚል ወታደራዊ መንግሥት ድምፁ እንዳይሰማ ተከላከለ፤ እርሱ ግን በ1978 ክርክሩን «የጥቁር ብራዚላዊ የዘር ማጥፋት» ብሎ በሰየመው መጽሐፍ አሳተመው። ርዕሱ ያስደነግጣል። ክርክሩ ግን ግልጽ ነው፤ ከበሮህን ወስዶ ወንበር የከለከለህን ሰው ወንድሜ ብለህ እንድትጠራው ትገደዳለህ ወይ የሚል ነው።

ሁለተኛው ጥንድ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ነው። ጋዜጠኛው ሩይ ካስትሮ በ1990 ያሳተመውና በእንግሊዝኛ «ቦሳ ኖቫ» በሚል ርዕስ የወጣው መጽሐፍ ከሙዚቃ ታሪኮች ሁሉ ጣፋጩ ነው ብል አላፍርም። ዦአዎ ዢልቤርቶ በእኅቱ ቤት መታጠቢያ ክፍል በሩን ዘግቶ ለሰዓታት ጊታር ሲለማመድ፣ ቶም ዦቢምና ዲፕሎማቱ ባለቅኔ ቪኒሲየስ ዴ ሞራኤስ ሲገናኙ፣ በኮፓካባና ፎቆች ወጣቶች ተሰብስበው እስኪነጋ ሲዘፍኑ፣ አንባቢው አብሯቸው የተቀመጠ ይመስለዋል። በጁላይ 1958 ዦአዎ ዢልቤርቶ «ሼጋ ዴ ሳውዳዴ»ን በሸክላ አስቀረጸ፤ የብራዚል ሙዚቃም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ድምፅን ከጩኸት አውርዶ ወደ ሹክሹክታ የመለሰ፣ የመረጋጋትና የተስፋ ሙዚቃ ነበር። አዲሲቱ ዋና ከተማ ብራዚሊያ እየተገነባች፣ ፋብሪካው እየበዛ፣ በዚያው ዓመትም አገሩ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ አንሥቶ ነበር።

ከዚያች ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ሜይ 13 ቀን 1958፣ ባርነት የተሻረበት 70ኛ ዓመት ነበር። በዚያ ዕለት ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በቲዬቴ ወንዝ ዳር በምትገኘው የካኒንዴ የድሆች ሰፈር ዝናብ ይዘንብ ነበር። ካሮሊና ማሪያ ዴ ዤሱስ ወጥታ ወረቀት መልቀም አልቻለችም፤ ልጆቿ ምግብ ይጠይቋታል። በዚያ ቀን ማስታወሻዋ ላይ ያሰፈረችው ሐሳብ ረኀብን የዘመኑ ባርነት አድርጋ የምታይ መሆኗን ነው። ትምህርቷ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ከጥራጊ በለቀመችው ደብተር ላይ የጻፈችውን የዕለት ማስታወሻ ጋዜጠኛው አውዳሊዮ ዳንታስ አግኝቶት በ1960 «የጥራጊ ማጎሪያ ክፍል» ተብሎ ታተመ፤ ርዕሱም ከተማዋን እንደ ሳሎን፣ የድሆችን ሰፈር ደግሞ አሮጌ ዕቃ እንደሚጣልበት ጓዳ ከቆጠረችበት አነጋገሯ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው እትም በጥቂት ቀናት አለቀ፤ መጽሐፉም በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ። በእንግሊዝኛ «ቻይልድ ኦፍ ዘ ዳርክ» ተብሎ በ1962 ወጥቷል።

ይህች ሴት ከሙዚቃ ጋር ምን አገናኛት ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ካሮሊና ዘፈን ትደርስም ነበር። በ1961 የራሷን ድርሰቶች በራሷ ድምፅ የዘፈነችበት ሸክላ ታትሟል። የቦሳ ኖቫን ታሪክ የምናነብ ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን? ቦሳ ኖቫ በኖቬምበር 1962 ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ደረሰ፤ ካሮሊና ግን ዝናዋ ቶሎ ከስሞ በ1977 በከተማው ዳርቻ በችግር ውስጥ አረፈች። ይህን ማለቴ ዦአዎ ዢልቤርቶን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሱ የማንንም እንጀራ አልነጠቀም። ነገር ግን አንድ ዘመን ሁለት ድምፅ ኖሮት አንዱን ብቻ እንደ «የዚያ ዘመን ድምፅ» ስንሰማ፣ ዘመኑን ሳይሆን ምኞቱን ነው የምንሰማው።

ሦስተኛው ጥንድ ስለ ሳንሱር ነው። በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ፤ እስከ 1985ም አልለቀቁም። ካኤታኖ ቬሎሶ በ1997 ያሳተመው «ሐሩራዊ እውነት» የእነዚያን ዓመታት መባቻ ከውስጥ ሆኖ የሚተርክ፣ የትዝታና የፍልስፍና መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛም በ2002 ወጥቷል። መጽሐፉን እንድወደው የሚያደርገኝ ጠላትን በአንድ ወገን ብቻ አለማስቀመጡ ነው። በ1967 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የተቃውሞ ሰልፍ ተደርጎ ነበር፤ ጊታሩ የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ ነው ተብሎ! ዢልቤርቶ ዢልም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን እርሱ ራሱ በኤሌክትሪክ ጊታር ታጅቦ መድረክ ላይ ቆመ። በ1968 ደግሞ ካኤታኖን በጩኸት ከመድረክ ያዋከቡት ወታደሮች ሳይሆኑ አብዮተኛ ነን የሚሉ ተማሪዎች ነበሩ። ዲሴምበር 13 ቀን 1968 መንግሥት አምስተኛውን ተቋማዊ ድንጋጌ አውጥቶ ምክር ቤቱን ዘጋ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካኤታኖና ዢል ታሰሩ። ከእስር በኋላ በሳልቫዶር ከተማ በቁም እስር ቆይተው በ1969 ወደ ለንደን ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ1972 ነው።

አገር ውስጥ የቀሩትም በዘዴ ታገሉ። ቀደም ሲል የጠቀስነው የታሪክ ምሁር ልጅ ሺኮ ቡዋርኪ በ1970 አንድ ዘፈን ደረሰ፤ መርማሪዎች የፍቅረኞች ጠብ መስሏቸው አሳለፉት፤ ሕዝቡ ግን ለአምባገነኑ የተነገረ መሆኑን አወቀ፤ በኋላም ታገደ። ከዢል ጋር የደረሱት «ካሊሲ» ደግሞ በፖርቱጋልኛ ድምፁ «ጽዋ»ም «ዝም በል»ም ይሆናል፤ ሰሙ የጌቴሴማኒው ጸሎት፣ ወርቁ ሳንሱር ነው። ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። በሜይ 1973 ፎኖ 73 በተባለው የሳኦ ፓውሎ ፌስቲቫል ሁለቱ ይህን ዘፈን ለማሰማት ሲሞክሩ የድምፅ ማጉያቸው ተዘጋ።

ይህ ታሪክ በየመጽሐፉ ይገኛል፤ የሚገባውም ነው። በዚያው ፌስቲቫል የሆነውን ሌላውን ነገር ግን የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። ካኤታኖ በዚያ መድረክ ላይ ኦዳይር ዦዜ ከሚባል ዘፋኝ ጋር አብሮ ዘፈነ። ኦዳይር ዦዜ የቤት ሠራተኞችና የግንባታ ወዛደሮች የሚወዱት፣ የተማሩት ደግሞ ተራ ብለው የሚያሾፉበት ዘፋኝ ነበር። የተማረው ታዳሚ በፉጨትና በጩኸት ተቀበለው። እንግዲህ በአንድ ፌስቲቫል ሁለት ዓይነት ማፈን ታየ፤ አንዱ ከፍርሃት፣ ሌላው ከንቀት የመጣ። የመጀመሪያውን በጀግንነት መዝግበነዋል። ሁለተኛውን የመዘገበው ፓውሎ ሴዛር ዴ አራውዦ ነው። በ2002 በፖርቱጋልኛ ያሳተመውና «እኔ ውሻ አይደለሁም» የሚል ርዕስ የሰጠው መጽሐፍ፣ ተራ የተባሉት ዘፋኞችም በወታደሮቹ ሳንሱር መዳፍ ሥር እንደነበሩ በሰነድ አሳየ። የኦዳይር ዦዜ ስለ ወሊድ መከላከያ ክኒን የዘፈነው ዘፈን ለምሳሌ ታግዶ ነበር። የድሃ አልጋና ጓዳ የመንግሥት ጉዳይ በሆነበት ዘመን ያ ዘፈን ፖለቲካ አልነበረም የሚል ማነው?

አሁን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ወደገፋፋኝ ነገር ደርሻለሁ። ይኸው አራውዦ በ2006 የዝነኛውን ዘፋኝ የሮቤርቶ ካርሎስን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። (ኳስ ተጫዋቹን ማለቴ አይደለም።) ዘፋኙ ከሰሰ፤ በ2007 በተደረገ ስምምነት መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በ2013 ደግሞ የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የባለታሪኩ ወይም የቤተሰቡ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚለው ሕግ ይጽና ብለው ከተከራከሩት መካከል እነማን ቢገኙ ጥሩ ነው? ካኤታኖ፣ ዢልና ሺኮ! ሺኮማ ለአራውዦ ቃለ መጠይቅ ሰጥቼ አላውቅም ብሎ ጻፈ፤ ጸሐፊው ማስረጃውን ሲያቀርብ ይቅርታ ጠየቀ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁን 2015 በሙሉ ድምፅ ፈቃድ አያስፈልግም ብሎ ወሰነ፤ ክርክሩም በሕግ ተዘጋ።

እነዚህ ሰዎች የግል ሕይወታቸውን ለመጠበቅ የነበራቸውን ስጋት አላቃልልም። በታሰሩና በተሰደዱ ሰዎች ላይ ጣት መቀሰርም ለእኔ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ትናንት ሳንሱርን የታገለ ሰው ዛሬ ስለ ራሱ የሚጻፈውን ልፍቀድ ሲል፣ ችግሩ ወታደሩ ብቻ እንዳልነበረ እንረዳለን። ሳንሱር የደንብ ልብስ ብቻ ለብሶ አይመጣም። ታሪክን በብቸኝነት የመተረክ ፍላጎት በደግ ሰውም፣ በሊቅ ሰውም፣ በተበዳይም ልብ ውስጥ ያድራል። መድኃኒቱ ባለታሪኩን መጥላት አይደለም፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ መጻፍ፣ ማሳተምና ማንበብ ነው።

አንዳንድ ወዳጆች «ሙዚቃውን ተወው፤ ለምን በፖለቲካ ታበላሸዋለህ?» ይሉኛል። ብራዚላውያን ራሳቸው ግን እንዲህ ብለው የመተው ዕድል አላገኙም። ከስደት የተመለሰው ዢል ከ2003 እስከ 2008 የባህል ሚኒስትር ነበር። በዢል የመጀመሪያ የሥራ ዓመት የአፍሪካና የጥቁር ብራዚላውያን ታሪክ በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በ2019 የቦልሶናሮ መንግሥት የባህል ሚኒስቴርን አጠፋው፤ በዚያው ዓመት ሺኮ ቡዋርኪ የካሞይንስን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ ፕሬዚዳንቱ ሰነዱን አልፈርምም አሉ። በ2023 ሚኒስቴሩ ዳግመኛ ተቋቋመ፤ የሳልቫዶሯ ጥቁር ዘፋኝ ማርጋሬት ሜኔዜስ ተሾመችበት፤ ሺኮም ሽልማቱን በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር ከፕሬዚዳንት ሉላ ፊት ተቀበለ። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ራሳቸውን ቅይጥ ወይም ጥቁር ብለው ያስመዘገቡት ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ናቸው። በዚህች አገር የማን ዘፈን፣ በማን ስም፣ በማን መጽሐፍ ይታወስ የሚለው ጥያቄ የትርፍ ጊዜ ወሬ ሊሆን አይችልም።

ደግሞም ጥንድ ንባብ ዘፈኑን አያበላሽም። ካሮሊናን ካነበብሁ ወዲህ የዦአዎ ዢልቤርቶ ሹክሹክታ አልጎረበጠኝም፤ ይልቁንም ያ ዝግታ ምን ያህል ውድ እንደሆነ፣ በዝምታ ቤት ውስጥ መቀመጥም ለስንቱ ያልተሰጠ ጸጋ እንደነበር አወቅሁበት። ኸርትዝማንን ካነበብሁ በኋላም የሳምባ ከበሮ አልቀዘቀዘብኝም፤ ከሸክላው ላይ የደራሲውን ስም ፈልጎ የማንበብ ልማድ ብቻ ተጨመረልኝ።

ከአራውዦ መጽሐፍ በስተቀር የጠቀስኋቸውን በእንግሊዝኛ ፈልጎ ማንበብ ይቻላል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ግን ከታላላቆቹ አይጀምር። በካሮሊና ማስታወሻ ይጀምር፤ ቀጥሎ የሩይ ካስትሮን ይክፈት። ሜይ 1958ን በአንዱ፣ ጁላይ 1958ን በሌላው ያንብብ። ከዚያም ያቺን አጭር ዘፈን አንድ ጊዜ ያድምጥ። ወዲያውም፣ ወንዝ ዳር በዝናብ ተከልላ የተቀመጠችው ሴት በዚያው ዘመን ምን ትዘፍን እንደነበር መጠየቁ አይቀርም።